ሱስን ማከም፦ ለአልኮል፣ ለጫትና ለትራማዶል የትኛው ሕክምና፣ በምን ቅደም ተከተል

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ወይም ጸበል ሊጠመቅ ሲሄድ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ በአንድ ሌሊት ያቆማል። ቤተሰቡ እልል ይላል። በማግስቱ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። በሁለተኛው ቀን ድንገት ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱ ነፍሳት ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ «ክፉ መንፈስ ነው» ይባልና ሰውየው ይታሰራል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አልኮል አንጎልን የሚያደነዝዝ ነገር ነው፤ አንጎሉም ለዓመታት ያንን ለመቋቋም ከልኩ በላይ ሲነቃ ኖሯል። አልኮሉ ድንገት ሲቀር ያ ከልክ ያለፈ ንቃት የሚያቆመው ያጣል። ይህ ሁኔታ ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜው ከታከመ አብዛኛው ሰው ይተርፋል።

ከዚህ የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሱስ ሕክምና ዓይነት የሚመረጠው በመጀመሪያ ሰውየው በሚወስደው ነገር ነው፤ የቤተሰቡ አቅምና የቦታው ርቀት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አልኮል፣ እንዲሁም ዲያዜፓምን የመሰሉ ማረጋጊያዎች፣ በድንገት ሲቆሙ ሕይወት ያሰጋሉ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻና ሌሎች የሞርፊን ዘመዶች ሲቆሙ ክፉኛ ያሠቃያሉ። ጫት ሲቆም ያደክማል፣ ያስተክዛል፣ በቅዠት ያስጨንቃል እንጂ በራሱ አይገድልም። ስለዚህ «ወንድሜ ጫት በአንድ ቀን አቁሟል፣ አንተስ ምን ያቅትሃል?» ብሎ ጠጪን መገፋፋት አደገኛ ምክር ነው።

መጀመሪያ መቁጠር

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት መጠኑን በትክክል ይወቁ። «ብዙ ትጠጣለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁልጊዜ «ያን ያህል አይደለም» ነው የሚለው። ይልቅ እንዲህ ይጠየቅ፦ «ትናንት ከእንቅልፍህ ከተነሣህ እስክትተኛ ምን ምን ጠጣህ? በምን መጠጫ? የመጀመሪያውን ስንት ሰዓት ላይ?» ከዚያ ወደ ግራም ይለውጡት። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ የተቀዳ 40 በመቶ አረቄ 16 ግራም ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ጠጅ፣ ጥንካሬው 10 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 20 ግራም ይደርሳል። የቤት መጠጥ ጥንካሬ ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ ይህ ግምት ነው፤ ቢሆንም ዓይን ይከፍታል። በቀን 8 መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው «ቢራ እንኳ አልነካም» ቢልም ወደ 10 ጠርሙስ ቢራ የሚጠጋ አልኮል እየወሰደ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ አደጋውን የሚናገሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጠዋቱ እጅ ነው። ገና ሳይቀምስ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶቹን በተን ያድርግ፤ ከጣቶቹ ጫፍ ላይ ወረቀት ቢያስቀምጡለት የሚርገበገብ ከሆነ፣ አንድ መለኪያ ከጠጣ በኋላም የሚረጋ ከሆነ፣ አካሉ ለአልኮል ተገዝቷል። ሁለተኛው ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክር ወድቆ ተንፈራግጦ ወይም ተቀባዥሮ ያውቅ እንደሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ የሆነበት ሰው በሚቀጥለው የባሰ ሊሆንበት ይችላል። ሦስተኛው አብሮት ያለ ሌላ ነገር ነው፦ የጉበት ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ እርግዝና፣ ዲያዜፓም፣ ትራማዶል። ጤና ባለሙያው ኦዲት የሚባለውን ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛ ሊያስሞላ ይችላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሱስ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ዲቶክስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት

የአልኮል የማቆም ሕመም የራሱ ሰዓት አለው። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መንፈራገጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከባዱ መቀባዠር ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን በሰላም ሲያልፍ «አለፈለት» ብሎ ሰውየውን ብቻውን ይተወዋል።

ዲቶክሱ፣ ማለትም አልኮሉ ከደም እስኪወጣ የሚደረገው ሕክምና፣ ቤት ሆኖ ጤና ተቋም እየተመላለሱ ሊከናወን የሚችለው ከዚህ በፊት ላልተንፈራገጠና ላልተቀባዠረ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ለሌለበት፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሌለበትና ቀንና ሌሊት የማይለየው፣ ራሱ የማይጠጣ ሰው ቤት ውስጥ ላለው ታካሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተኝቶ ይታከም። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰውም መተኛቱ ይመረጣል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲንፈራገጥ መኪና ፍለጋ መሮጥ ሕክምና አይደለም።

ሐኪሙ የሚሰጠው ዋና መድኃኒት ዲያዜፓም ነው። ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም እየተሰጠ፣ ምልክቱ እየታየ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ጉበቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው በምትኩ ሎራዜፓም ይመረጣል። ይህን ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ መጀመር ሁለት ነገር ያመጣል፦ ሰውየው ደብቆ ከጠጣበት ሁለቱ ተደምረው ትንፋሹን ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ካልጠጣም ከሳምንታት በኋላ የዲያዜፓም ሱሰኛ ሆኖ ይገኛል። ከሰባት ቀን በላይ እንዲወስድ ከታዘዘ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ይረሳል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ምግብ ስለማይበላ፣ አንጀቱም በደንብ ስለማይመጥ፣ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል። ሲያልቅ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይዛባል፤ ከዘገየ የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ይጠፋል። እኛ አገር ደካማ ሰው ሲታይ «ግሉኮስ ይተከልለት» ማለት የተለመደ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ግን ከግሉኮሱ በፊት ወይም ቢያንስ አብሮ ታያሚን መሰጠት አለበት፤ ግሉኮሱ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን አሟጦ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ክኒን ለመከላከል ያገለግላል፤ ግራ መጋባት ወይም መንገዳገድ ከታየ ግን በመርፌ መሆን አለበት። «ታያሚን ተሰጥቶታል?» ብሎ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ቤት ውስጥ ላለው፦ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን፣ ሌሊትም ደብዘዝ ያለ መብራት ይኑር፤ ጨለማ ቅዠቱን ያብሰዋል። አጥሚት፣ ሾርባና ውኃ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ቡናው ይቀነስ። ከተንፈራገጠ በጎኑ አስተኝተው ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አይክተቱ፣ ክብሪት አያሽትቱት። መንፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ መቀባዠር ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ዲቶክስ መጨረሻ አይደለም

ቤተሰብ ገንዘቡንም ጉልበቱንም በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይጨርሳል። ሰውየው ፊቱ ጠርቶ፣ ምግብ በልቶ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ተፈወሰ ይባላል። እኛ የምንመክረው ግን ሁለት ሺህ ብር ካለዎት አምስት መቶውን ለዲቶክሱ፣ የቀረውን ለሚቀጥሉት ወራት እንዲያስቡት ነው። ዲቶክስ አልኮሉን ከደም ያወጣል እንጂ ልማዱን፣ መንገዱን፣ ጓደኛውንና ጭንቀቱን አያወጣም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት የመድኃኒት፣ የምክርና የቡድን ሕክምናዎች ናቸው ሰውየውን የሚያቆዩት።

ለአልኮል ሦስት ዋና ዋና መድኃኒቶች አሉ፤ ሁልጊዜ በቅርብ ፋርማሲ ላይገኙ ስለሚችሉ ከመጀመሩ በፊት ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃው ከየት እንደሚመጣ ያረጋግጡ። ናልትሬክሶን በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ መጠጡ የሚሰጠውን ደስታ ስለሚቀንስ አንድ የቀመሰ ሰው «ድገመኝ» የማለት ፍላጎቱ ይላላል። ሙሉ በሙሉ ላላቆመም ሊሰጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል፤ ምግብ ላይ መውሰድ ይረዳል። የጾም ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ከጾም መፍቻ በኋላ ሊያደርገው ይችላል። ትልቁ ጥንቃቄ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ላይ ነው፦ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከእነዚህ ነጻ ሳይሆን ከወሰደው ኃይለኛ የማቆም ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣበታል። የጉበት ምርመራም ያስፈልጋል። አካምፕሮሴት በበኩሉ በጉበት ሳይሆን በኩላሊት ስለሚወጣ ጉበቱ ለተጎዳ ይሻላል፤ ግን 666 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ስለሆነ የሚረሳ ሰው አይዘልቀውም፣ ጿሚም ይቸገርበታል።

ሦስተኛው ዳይሰልፊራም ነው፤ ብዙ ስሕተት ስላለበት ረጋ ብለን እንየው። ይህ መድኃኒት አምሮትን አይቀንስም። ጉበት አልኮሉን የሚሰባብርበትን መንገድ መሐል ላይ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ የጠጣ ሰው በ10 እና በ30 ደቂቃ መካከል ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። የልብ ሕመም ያለበትን ሊገድለው ይችላል። የተለመደው መጠን በቀን 250 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚጀመረው ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቆሞም ኃይሉ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ «ለሠርጉ ሁለት ቀን ልተወው» ማለት አይሠራም።

አንዳንድ እናት ወይም ሚስት መድኃኒቱን ወጥ ውስጥ ደብቃ ትሰጣለች። ፍቅሯ ይገባናል፤ ግን ይህ በፍጹም አይደረግ። ሳያውቅ ወጥቶ የጠጣ ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የተረፈም በቤቱ ምግብ ላይ ያለው እምነት ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ ታካሚው ራሱ ተስማምቶ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ አንድ የሚያከብረው ሰው ፊት መዋጥ ነው። መዋጡን የሚያየው ሰው «ዋጥክ?» ብሎ አይመረምርም፤ ክኒኑን ከውኃ ጋር ያቀርባል፣ ታካሚው ይውጣል፣ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ይደረጋል። የተደበቀ አልኮልም ይጠበቅ፦ አንዳንድ የሳል ሽሮፕ፣ የአፍ መጉመጥመጫ፣ ሰንብቶ የፈላ ብርዝ፣ ቃሪቦ። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ከዳይሰልፊራም ጋር ሲገናኝ አእምሮን ሊያውክ ስለሚችል በሁለቱ መካከል ሁለት ሳምንት መለየት አለበት፤ የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ መድኃኒቱ ወዲያው ይቁም።

የትኛውም ቢሆን ቢያንስ ስድስት ወር እንዲወሰድ ታስቦ ይጀመር።

የምክር ሕክምና ሲባል ምን ይደረጋል?

«ምክር» ሲባል ብዙ ሰው ተግሣጽ ይመስለዋል። ጥሩ አማካሪ አይገሥጽም፤ ሰውየው ራሱ ለምን ማቆም እንደሚፈልግ በራሱ አፍ እንዲናገር ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዝርዝር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ 12 ክፍለ ጊዜ ያህል። አንድ ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዋን መጠጥ ወደ ኋላ በመፍታት ሊያልቅ ይችላል፦ ደመወዝ የወጣ ዕለት ነበር፤ ምሳ አልበላም፤ ከአለቃው ጋር ተጋጭቷል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ተራው አጠገብ ያለው ግሮሰሪ በር ላይ አንድ ጓደኛው ጠራው፤ «አንድ ብቻ» አለ። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሊበጠሱ የሚችሉ ብዙ ቀለበቶች አሉ። ደመወዙ በቴሌብር ለሚስቱ እንዲተላለፍ፣ ከሥራ ሳይወጣ እንዲበላ፣ በሌላ ታክሲ ተራ በኩል እንዲሄድ፣ ለጓደኛው የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ እንዲለማመድ ይደረጋል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለው አጭርና እውነት ስለሆነ ክርክር አይጋብዝም።

አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ካልጠጡለት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ «ከእንግዲህ አልጠጣም» ከማለት ይልቅ «ለግማሽ ሰዓት እቆያለሁ» ማለት ይቀላል። ራብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካም አምሮቱን ይጠሩታል፤ መጀመሪያ መብላት ግማሹን ያስታግሳል።

የቡድን ሕክምናም አለ። በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ዛሬ በብዙ አገሮች ያለ፣ ክፍያ የማይጠይቅ የእርስ በርስ መረዳጃ ነው። የንስሐ አባት፣ የመስጊድ ወይም የዕድር ሽማግሌም ጥሩ ደጋፊ ሊሆን ይችላል፤ ምስጢር ከጠበቀ።

ጫት

ለጫት ሱስ ይህ ነው የሚባል የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ልማዱን ማፍረስ ነው። ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንቅልፍ፣ በድብርት፣ በምግብ ፍላጎት መጨመርና ዱካክ በሚባለው ከባድ ቅዠት ይታያል፤ በአንድና በሁለት ሳምንት ይቀላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በጨብሲ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበርና ለመተኛት የጀመረው አልኮል ራሱ ሁለተኛ ሱስ ሆኗል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስለ ጫቱ ብቻ ሳይሆን ማታ ስለሚጠጣውም ይንገሩ፤ በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ከላይ ያልነው የአልኮል ጥንቃቄ ሁሉ ይመለከተዋል።

በአንድ ጊዜ ማቆም የሚችል ያቁም። የማይችል በሳምንት ከሰባት ቀን ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ይቀንስ፤ ዙርባውም (የጫቱ እስርም) በየደረጃው ይቀንስ፣ ጠዋት የሚቃመው ኢጀባና መጀመሪያ ይቅር። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ያለው የበርጫ ሰዓት ባዶ ከተተወ ምንም አልተደረገም፤ በዚያ ሰዓት ከቤት የሚያስወጣ ሥራ ይፈለግ። ሰው እየተከተለኝ ነው፣ ድምፅ ይሰማኛል የሚል ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ይየው። ጫቱ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልለቀቀው ሌላ ሕመም አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ትራማዶል

እንክብሉን ይቁጠሩ። ባለ 50 ሚሊ ግራሙን በቀን 8 የሚወስድ 400 ሚሊ ግራም ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የመንፈራገጥ አደጋው ይጨምራል። ከአልኮል ወይም ከዲያዜፓም ጋር ሲወሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ፣ ለምሳሌ በየሳምንቱ ከአሥር አንድ እጅ ያህል፣ ይቀነሳል። ለከባድ የኦፒዮይድ (የትራማዶልና የሞርፊን ዘመዶች) ሱስ በዓለም ላይ የተፈተኑት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው፤ «ሱስን በሱስ መተካት» አይደሉም፤ ሰውየው ሳይሰክርና ሳይታመም ሥራውን እንዲሠራ ያደርጋሉ፣ ሞትንም ይቀንሳሉ። አንድ ነገር በደንብ ይያዝ፦ ለሳምንታት አቁሞ የነበረ ሰው ወደ ድሮው መጠን በአንዴ ቢመለስ ሊሞት ይችላል፤ አካሉ መቋቋሙን ረስቷል።

የት ይኬድ፣ ምን ይጠየቅ

በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ከከተማ ውጭ ላለ ሰው መጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ነው፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ እንዳለ ይጠይቁ፣ ሪፈርም ከዚያ ይጻፋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖች 1-800-662-4357 በነጻ ደውለው በአካባቢያቸው ያለ ተቋም ማግኘት ይችላሉ፤ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ስለሆነ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ፣ ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።

የግል ማገገሚያ ማዕከል ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ሌሊት ሐኪም ወይም ነርስ አለ? ዲያዜፓምና ታያሚን በእጃቸው አለ? ታካሚ ይታሰራል፣ ይመታል? ቤተሰብ ይጠራል? ከወጣ በኋላ ለስንት ወር ይከታተሉታል? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ ያቃተው ቦታ ዲቶክስ ብቻ ነው የሚሸጥልዎት። ከሦስት ወር ያነሰ ሕክምና ውጤቱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ እኛ የምንለምነው ዲቶክሱን ጨርሶ እንዲሄድ፣ መድኃኒቱንም እዚያው እንዲወስድ ነው። አስታማሚው አስቀድሞ ለቦታው አባቶች «ሐኪም ያዘዘለት አለ» ብሎ ይንገር፤ ብዙዎቹ አይከለክሉም።

ከሕክምና በኋላ ማገርሸት የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ ጥናቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል፣ ልክ እንደ ደም ግፊትና አስም። ያገረሸበት ሌሊት አይጨቃጨቁ፤ ሰካራም ሰው የሚሰማው ድምፅን እንጂ ቃልን አይደለም። ዳይሰልፊራም ላይ ከሆነ ግን ያ ሌሊት ድንገተኛ ነው፤ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ዳይሰልፊራም የማይወስደው ግን ጠዋት ሲነሣ ስንት ቀን እንደጠጣ ይጠየቅ። አንድና ሁለት ቀን ከሆነ በዚያው ቀን ለአማካሪው ይደወል፣ መድኃኒቱ ይቀጥል። ሳምንት ካለፈና እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ቤት ውስጥ አያቋርጥ፤ ከዲቶክሱ እንደገና ይጀመር።